ከዘጠኝ ባዝራዎች ኋላ ሲሄዱ ያረፉት የአቶ ሺጌሃሩ ኡሜዙ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሺጌሃሩ ኡሜዙ ከአባታቸው ከአቶ ቶኩጂሮ ኡሜዙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፉሳ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1951 በሆካይዶ፣ በቶካቺ ሜዳ፣ ኪታኖሳዋ መንደር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ዛሬ አስከሬናቸው ያረፈበት ይኸው ቤት ነው። ካረፉ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ «ነበሩ» ብሎ ለመጻፍ እጅ አልታዘዝ ይላል።

አባታቸው በፈረስ ከጫካ ግንድ ይጎትቱ ነበር። አቶ ሺጌሃሩ በመንደሩ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃን፣ በኦቢሂሮ ከተማ ደግሞ የእርሻ ትምህርት ቤትን በ1969 አጠናቀቁ። ያኔ ትራክተር ገብቶ ጎረቤቱ ሁሉ ፈረሱን ይሸጥ ነበር። አባታቸው ትራክተር እንዲያዩ ወደ ገበያ ቢልኳቸው፣ በቤት ባሉት ሁለቱ ላይ ሦስተኛ ባዝራ እየሳቡ ተመለሱ። አባትና ልጅ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም ይባላል።

በ1977 ከወይዘሮ ታኤኮ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። በሠርጉ ማግስት ባዝራ ምጥ ይዟት ሙሽራው ጋጣ ውስጥ ስላነጉ፣ ወይዘሮ ታኤኮ «እኔ እኮ ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር» ማለታቸውን መንደሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሬይጂ እና ማዮሪ የተባሉ ሁለት ልጆችን ወልደው አሳድገዋል።

አርባ ሰባት ዓመት በዚህ ግቢ የበረዶ ወራት እንዲህ ነበር። አቶ ሺጌሃሩ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይነሳሉ። በገንዳው ላይ የረጋውን በረዶ በመጥረቢያ ይሰብራሉ፣ ድርቆሽ ይበትናሉ፣ የእርጉዞቹን ጡት በእጃቸው ይዳስሳሉ። ሩዝና የባቄላ ሾርባ ቀምሰው ይወጡና ዘጠኙን ባዝራዎች በበረዶው ሜዳ ዙሪያ ሁለት ኪሎ ሜትር ያስኬዷቸዋል። እያንዳንዷ ከአንድ ሺህ ኪሎ አታንስም፤ በብርድ ወራት ቆማ የከረመች በምጥ ትቸገራለች። ሲመለሱ በየኮቴው የተጠቀጠቀውን በረዶ በትንሽ መዶሻ እየመቱ ያወጣሉ። ዶፍ በረዶ ቢጥል፣ ትኩሳት ቢይዛቸው፣ የእናታቸው ቀብር ዕለት እንኳ ይህ አልታጎለም።

ልጃቸው ማዮሪ በውጭ አገር ዘጠኝ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተምራ ከሁለት ዓመት በፊት ተመለሰች። ለመቆየት ይሁን ለመሰናበት ራሷም አታውቅም ነበር። ባለፈው ኖቬምበር አባቷ ጋጣው በር ላይ አስቆሟት።

«ማዮሪ፣ እኔ ስደክም ትይዣቸዋለሽ ወይስ ልሽጣቸው? ዕወቂው፣ ዘጠኙን ባንድ ላይ የሚወስድ ባለሥጋ ቤት ብቻ ነው።»

«አባዬ፣ በረዶው ይቅለጥና እነግርሃለሁ።»

«በረዶ ሲቀልጥ እኮ ጭቃ ነው የሚመጣው» ብለው ሳቁ፤ ዳግመኛም አልጠየቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ሃትሱሺሞ የምትባለው ባዝራ ድርቆሽ ሲሰጧት ጭንቅላቷን ወርውራ ደረታቸውን ነካቻቸው። እሑድ ደረታቸውን እያሹ ዋሉ። ሰኞ ግራ ክንዳቸውም ከበዳቸው። እዚህ አገር የታመመን ሰው «ምንህን አመመህ?» የሚለው የለም። ጎረቤታችን አቶ ኒሄይ እንኳ ገና ከደጅ፣

«የትኛዋ ናት ደግሞ?» ነበር ያሉት።

«ሃትሱሺሞ።»

«እሷማ እንደ ምራትህ ናት፤ ቻላት እንግዲህ!»

ሁላችንም ሳቅን። ማዮሪ የጎን አጥንታቸውን አንድ በአንድ ተጭና «አልተሰበረም» አለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ያለ አልነበረም።

ማክሰኞ ጃንዋሪ 23 ቀን 2024፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባዝራዎቹ እንደ ወትሯቸው ተሰልፈው ብቻቸውን መጡ። ወይዘሮ ታኤኮ ከማድ ቤት መስኮት «በሩን ክፈቺላቸው፣ አባትሽ ሲጋራውን ለኩሶ ይሆናል፣ ይደርሳል» አሉ። ማዮሪ አስገባቻቸው፤ ውሃ አጠጣች፤ ሠላሳ ስድስት ኮቴ እየመታች በረዶውን አወጣች። ለአባቷ የተቀዳው ሻይ ቀዘቀዘ። እናትና ልጅ ወደ ሜዳው ሮጠው የወጡት ከዚያ ነው። አቶ ሺጌሃሩ በሩቁ መታጠፊያ ላይ በጎናቸው ተኝተው ነበር፤ ባርኔጣቸው ከራሳቸው አልወለቀም። አምቡላንስ ሲደርስ ሕይወታቸው አልፎ ነበር።

ሐኪሙ የልብ ደም ሥር መዘጋት መሆኑን ነገረን። ልብሳቸው ሲወልቅ ደረታቸው ላይ የበለዘ ነገር አልነበረም። አንዲት ጣት የምታህል እንኳ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ባዝራ ስንወቅስ ኖረናል። ቀድመን ብንደርስ ይተርፉ ነበር ወይ ብለን ሐኪሙን ጠይቀነዋል፤ አዎም አላለን፣ አይደለምም አላለን።

ትናንት ለቅሶ ላይ አንድ ነጋዴ ዕጣን ካጨሱ በኋላ ባዝራዎቹን በጅምላ እንደሚወስዱ በጨዋ ደንብ ተናገሩ። አቶ ኒሄይ ደግሞ ማዮሪን ወደ ጥግ ወስደው «ልጄ፣ የነጋዴውን ነገር ተዪው። ነገ ጠዋት ማን ነው የሚነዳቸው?» አሏት።

የዛሬው ሥርዓት አንድ ሰዓት የዘገየው ስለዚህ ነው፤ በብርድ የቆማችሁትን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማዮሪ ነዳቻቸው። ሩቁ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ባዝራዎቹ ቆሙ። እሷም ቆመች፤ ከዚያ መንዳት ስላለባት ነዳች።

አቶ ሺጌሃሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታኤኮን፣ ልጆቻቸውን ሬይጂንና ማዮሪን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ዘጠኝ ባዝራዎችንና ከእነርሱ በአምስቱ ሆድ ያሉትን ውርንጭላዎች ትተው በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ብርድ በማያውቀው ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።

በኖቬምበር ጋጣው በር ላይ ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ አስከሬናቸው ከዚህ ቤት ሳይወጣ ይነገራቸው ዘንድ ልጃቸው ጠይቃለች፦ ባዝራዎቹ አይሸጡም። አምስቱ እስኪወልዱ ማዮሪ አለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም፤ የማታውቀውን ደግሞ ለአባቷ ቃል አትገባም።