ዛሬ ጠዋት መኪናሽ ሳትገፋ ተነሳች

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለወርቄ፤

እንደ ደብዳቤ ወግ ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም፤ ባለሽበት ሕመም የለም ይላሉ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በቃና ዘገሊላ ማግስት ከተለያየን ዛሬ ሰባት ወር ከሦስት ቀን ሆነን። ብዙ የምነግርሽ አለኝ፤ ግን ዋናውን ካልተነፈስኩት ሌላውን መጻፍ አልችልም። መኪናሽ ዛሬ ጠዋት ሳትገፋ ተነሳች! ልድገምልሽ፤ በነሐሴ ብርድ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍባት፣ ቆማ ባደረችበት ተነሳች።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ካንቺ በኋላ መኪናዋን የሚነካት ጠፋ። ባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ቅጠል ለበሰች፤ ያቺ ቀይዋ ዶሮ ከኋላ ጭነት መጫኛዋ ላይ እንቁላል መጣል ጀመረች። እኔ እንደማልነዳ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን በሙሉ በአቃቂ ጣቢያ መስኮት ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ እንጂ በምን እንደሚሄድ አይደለም። ስለዚህ ለአሮጌ ብረት ገዢ ልሰጣት ቃል ገባሁ። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት መጥቶ ቆራርጦ ሊወስዳት ተስማማን።

ለልጃችን ለትዕግሥት ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ያንቺን የወተት ቢዶኖች አጥባ አጥሩ ሥር ደፍታቸው አገኘሁ። ለካ ቱሉ ዲምቱ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ጾሙ ሲፈታ ወተታቸውን እንደ እናቷ ልታነሳላቸው ከባለላሞቹ ጋር ተነጋግራ መጥታለች። መንዳቱን አንቺው አስተምረሻታል፣ መንጃ ፈቃዱም አላት፤ የጎደላት የምትነሳ መኪና ብቻ ነው። አባዬ፣ ይህቺ መኪና ከተቆረጠች እማዬን ሁለት ጊዜ ቀበርናት ማለት ነው አለችኝ። ግን አንቺ እያለሽም መኪናዋ እንዴት ትነሳ እንደነበር ስለማውቅ ተስፋ አላደረግኩም።

ትዝ ይልሻል አይደል? ስትገቢ ዳገቱ ጫፍ ላይ አፍንጫዋን ወደ ሃዲዱ አዙረሽ ታቆሚያታለሽ። ጠዋት የምድር ባቡር ካፖርቴን ለብሼ ከኋላ እቆማለሁ፤ ጎረቤቱም እጅጌውን እየሰበሰበ ይጨመራል። ጠዋት አትወድም፣ ልክ እንዳንተ ናት ትይኝ ነበር። እንገፋታለን፣ ቁልቁል ትንደረደራለች፣ ታስነጥሳለች፣ ጭሷን ፊታችን ላይ ትለቅና ትነሳለች። አንቺም በስፖኪዮ ታይኝና እጅሽን በመስኮት አውጥተሽ ታወዛውዢልኛለሽ። እኔ ጫማዬን በሣር ጠርጌ ወደ ጣቢያ። ስንቱን ቀን ጭቃ በጭቃ ሆኜ ትኬት ሸጥኩ! አጉረመርም ነበር፣ አልክድሽም። እጅሽን ሳላይ የሄድኩበት ቀን ግን የለም።

ትዕግሥት ከባቡር ዲፖ በጡረታ የወጡትን መካኒክ፣ ጋሽ መኩሪያን ለምና አመጣቻቸው። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ብዙ ቆዩና ተፈራ፣ ና እስቲ ይህን እይ አሉኝ።

ናፍጣ ሞተርን በብርድ ከመነሳቱ በፊት የምታሞቀው ካንዴሌታ የምትባል ጣት የምታህል ብረት አለች። ያንቺ መኪና አራት አላት፤ ኤሌክትሪኩን አንዷ ለሌላዋ እያቀበለች ነው የሚግሉት። አንዷ ከተሰበረች አራቱም በረዶ ናቸው። ሦስተኛዋ ካንዴሌታ አንገቷ ላይ ተሰብራለች፤ ታችኛው ግማሿ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ጋሽ መኩሪያ ስብራቱን በጣታቸው ዳሰው፣ ይህ የዓመታት ነው፣ ዝጓል፤ አንድ ሰው በረጅም መፍቻ ከልኩ በላይ አጥብቆት ነው አሉ። ከላይ የቀረው ሽቦ ደግሞ እንዳይንጠለጠል በሰማያዊ ጨርቅ ጥንቅቅ ተደርጎ ታስሯል።

ጨርቁን አወቅሁት። መኪናዋን በገዛሽ በመጀመሪያው ክረምት ጠፋብኝ ብለሽ ቤቱን ያተራመስሽበት ሻሽ ነው። ከወንበሩ ሥር ያለውን የብስኩት ቆርቆሮሽን ብከፍት ደግሞ የካንዴሌታዋ ራስ በቀሪው ሻሽ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ዘጠኝ ዓመት! ወርቄ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ያስገፋሽው አንቺ ነሽ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጋሽ መኩሪያ ልቅሶ መስሏቸው ትከሻዬን ያዙኝ። ከዚያ ለምን እንደደበቅሽኝ ገባኝና እውነትም ልቅሶ ሆነ።

መኪናዋ በመጣች ሰሞን መፍቻ ይዘሽ ሞተሩ ላይ ስትጎነበሺ፣ በባልደረቦቼ ፊት ሴት መፍቻ ከያዘች ብሎን አይተርፍም አልኩ። ሁሉም ሳቀ፤ አንቺም ሳቅሽ። ቀልዱ ስለሠመረልኝ በየሰርጉ፣ በየማኅበሩ ደገምኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንዲት ብረት ብትሰብሪ እንዴት አድርገሽ ትነግሪኛለሽ? መካኒክ ብታሳዪ ለኔ መንገሩ አይቀርም። ስለዚህ ዳገቱን መረጥሽ። ይቅር በይኝ ወርቄ። ቀልዱ የኔ ነበር፣ ያሳፈረውም እኔን ነው። ቅጣቴንም ሳላውቀው በየጠዋቱ ገፍቼዋለሁ።

ያን ዕለት መኪናዋን ለማንም ላለመስጠት ማልኩ። ይህቺን ብረት ሳላስወጣ ብቀር አንቺን ከነሐፍረትሽ እንደተውኩሽ ቆጠርኩት።

ጋሽ መኩሪያ ቴስታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን፣ እናውርድ ካልን ፍልሰታ ይቀድመናል አሉ፤ የቀሩን ስድስት ቀናት ብቻ ነበሩ። ሌላ መላ ዘየዱ። የተቀረቀረውን ሦስት ቀን ሙሉ ናፍጣና ዘይት አጠጣነው፤ በመጨረሻው ጊዜ መድኃኒትሽን እሰጥሽ በነበረችው በዚያችው ማንኪያ፣ ጠብታ በጠብታ። በአራተኛው ቀን ሹል ብረት አስደግፈው በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ አዞሩት። የብሎኑ ጥርስ ለቀቀ። ግንዱን ግን ጥላሸት ይዞት እምቢ አለ። ተሰብሮ ወደ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን ይፈጀዋል፤ ያኔ በእርግጥም የብረት ገዢው ሲሳይ ናት። እንግዲያው ሞተሩ ራሱ በውስጡ በሚያምቀው አየር ይትፋው አሉ።

ናፍጣ እንዳይደርስ ቧንቧዎቹን ፈቱ፤ ቀዳዳው ላይ የተጣጠፈ ጆንያ አሰሩበት። ባትሪው ገና ቻርጅ ላይ ስለነበር ሞተሩን የሚያዞረው የሰው ጉልበት ነው። ሰፈሩን ጠራሁ። ዛሬ የምንገፋት እንድትነሳ አይደለም ብላቸው፣ ሐዘኑ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ ብለው ተያዩ። ገፉ ግን። ትዕግሥት መሪውን ያዘች፤ እኔ ያው ቦታዬ ነኝ። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ስታስገባ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ዞረና ጧ! አለ። ግማሾቻችን መሬት ያዝን። ትዕግሥት ሃዲዱ ጋ ሳትደርስ አቁማ ወረደች፣ ጆንያውን ገለጠች፤ ጥቁሯ ግማሽ ካንዴሌታ ጆንያው ውስጥ ተሰክታለች። አንቺ ቆርቆሮው ውስጥ የደበቅሽውን ራሷን አውጥቼ አጋጠምኩባት። ልክክ አለች፣ አንዲት ፍርፋሪ አልጎደላትም። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ የሆነውን ያልገባቸው ጭምር።

ጋሽ መኩሪያ ከአሮጌ ዕቃቸው መሐል መሳይዋን ፈልገው ገጠሙ። ዛሬ ጾሙ ተፈታ። ቢዶኖቹ ተጫኑ፣ ትዕግሥት ቁልፉን ከፈተች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ወንፊት የመሰለች ነገር፣ እኔ ሁልጊዜ ጌጥ የምትመስለኝ፣ ውስጧ ፍም መሰለ። ለካ ሞተሩ መሞቁን የምትናገር እሷ ኖራለች! ጋሽ መኩሪያ አንድ አባታችን ሆይ ያህል ጠብቂ ብለዋት ነበርና ሦስታችንም ጮክ ብለን ደገምን። አሜን ስንል ቁልፉን አዞረችው። ተነሳች፣ ወርቄ! አላስነጠሰች፣ አላንገራገረች። ጎረቤቶች ከልማዳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው እየመጡ ነበር፤ መሐል መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ። ያቺ ከታች ያለችው ዳቦ ሻጭ፣ እኛ ታዲያ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ምን ልንሠራ ነው አለች። ብረት ገዢው ነገ ሲመጣ የምሰጠው አንድ የተቀደደ ባልዲ አለኝ።

ቃል የምገባልሽ ሁለት ነገር ነው። ከእንግዲህ ያ ቀልድ በተነገረበት ሁሉ እየቆምኩ፣ ባለቤቴ አንድ ብረት ሰብራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ወተት አደረሰች እላለሁ። ሁለቱን ግማሾች ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይዣቸዋለሁ።

ሌላው እንዲህ ነው። ዛሬ ትዕግሥት ልትሄድ ስትል እግሬ ሳላዘው ወደ ኋላ ወሰደኝ። ሁለቱን መዳፎቼን የኋላ መዝጊያዋ ላይ አሳርፌ የተነሳች መኪና ገፋሁ። ልጅሽ በስፖኪዮ አየችኝና እጇን በመስኮት አውጥታ አወዛወዘችልኝ። እንግዲህ መኪናዋ አትፈልገኝም፤ እኔ ግን በየጠዋቱ እዚያው ከኋላ እቆማለሁ።

ባልሽ ተፈራ