የፍረወይኒ የፊት ፍሬን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የፊት ጎማውን የሚይዘው ሦስተኛው ሹካ ዛሬም አልሆነም። ተጫንኩት፣ ገባ፣ አልተመለሰም። ውስጡ ሞላ ይኑር ጭድ አላህ ይወቅ። መልሼ ላክሁት። እስቲ ደብተሬ ፍረጂ፤ ሃያ ስድስት ዓመት መቐለ ላይ ብስክሌት ጠግኜ በአንድ የተራራ ብስክሌት ሹካ ልቸገር?

ሥራው የፍረወይኒ ነው። (ፍ/ወይኒ ልበላት፣ ስሟ ለደከመ እጅ ይረዝማል።) ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ብስክሌት ትወዳደራለች። እስካሁን በአስፋልት ነበር። አሁን ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በኮረኮንች የሚወረድበት ውድድር ሊደረግ ነው ሲባል ተመዝግባለች። ያገኘችው ብስክሌት አሮጌ ነው፤ አካሉ ደህና፣ ሹካውና ፍሬኑ የማይረባ። ደጄ ላይ አቆመችው። የሚሆነውን እርስዎ ይምረጡልኝ አለችኝ።

ደስ አለኝ። ፈራሁም። እኔ የማውቀው ቸርኬውን፣ ጎማው የሚታሰርበትን የብረት ክብ፣ የሚነክስ ፍሬን ነው። ጎማው መሃል የሚገጠም ዲስክ የመኪና ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ተኽላይ ሱቅ ሄድኩ። መሄድ አልወድም። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ያስመጣል፣ በወጣትነቱ ተወዳድሯል፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። እሱ ሲያስረዳ እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ይመስለኛል። ዛሬም አስረዳኝ።

ሁለት ሹካ አወጣ። አንዱ በአየር የሚሠራ፣ ቀላል፣ ሲያዩት የሚያምር። ልቤ ሄደ። ተኽላይ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ አየሩ ሲወርድ የሚነፋበት ልዩ ፓምፕ የማን ቤት አለ? ሞላ ያለውን ውሰድ፣ ይከብዳል እንጂ አይከዳም አለኝ። እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ አናደደኝ።

ዲስኩ ላይ ተጨቃጨቅን። ባለ 160 ሚሊ ይበቃል አልኩ፣ ልጅቷ ቀጭን ናት። እሱ ለኋላው 160፣ ለፊቱ ግን 180 ካልሆነ አልሸጥልህም አለ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ትንሽ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ይለግማል። ሹካው እግር ላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ፊደሎች በእሱ መነጽር አነበብን፤ እስከ 180 ይችላል። እሺ አልኩ። በአፌ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ገጠምኩት! ስድስቱን የዲስክ ቡሎን ፊት ለፊት እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ። ዲስኩ ሲሽከረከር አይወላገድም፣ የሚነክሰውን የፍሬን ሸራ አይነካም። ሹካው ሲጫኑት ይገባል፣ በእርጋታ ይመለሳል። ማሻአላህ። የተኽላይ ምርጫ መሆኑን ለጊዜው ረስቼዋለሁ።

ፍ/ወይኒ ሠፈሩን ዞራ መጣች። የፊት ፍሬኑ እንዴት ይነክሳል! በመሪው ላይ ተወርውራ ልትወድቅ ነበር። ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ታየ። ለነገው ልምምድ እዚሁ ይደር ብላ ሄደች።

ከዚያ የቅዳሜ ሥራዬ። ታውቂዋለሽ። ከእሑድ በፊት የሁሉንም ብስክሌት በዘይት ጨርቅ እወለውላለሁ። ፔዳሉ የሚያዞረውን ካቴና፣ ሹካውን፣ የጎማውን መሃል። ቸርኬ ብቻ አይነካም፤ ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ቸርኬ ስነካ እጄን ይመቱኝ ነበር። የሐሰን ጨርቅ ያልነካው ብስክሌት መነሻ መስመር ላይ አይቆምም ይላሉ የሚወዳደሩት ልጆች። ይበሉ። ደስ ይለኛል። የፍ/ወይኒን ከሁሉም አስበልጬ ወለወልኩት፤ አብረቀረቀ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት

ያ አላህ። ያ አላህ።

ፊደሉን ይቅር በይኝ።

ኮረብታው ላይ ነበርን፣ ከአሥር የማያንሱ ተወዳዳሪዎችና እኔ። ከመውረዷ በፊት ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ አደረገች። ዛሬ ሰነፈብኝ አለች። አዲስ ነው፣ ሲሞቅ ይነክሳል አልኳት። እሺ ኣያ ሐሰን አለችና ወረደች።

አንደኛው ኩርባ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ፍጥነቷ አልቀነሰም። እየጨበጠች ነበር፣ ከላይ ሆኜ ክርኗ ሲገተር አይቻለሁ። ምንም። ቀጥ ብላ የድንጋይ አጥር ላይ!

ሮጥኩ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አልነግርም፤ መጀመሪያ ያነሳሁት ብስክሌቱን ነው። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ የቀኝ እጇን ታያለች፣ አንጓው ባልሆነ በኩል ታጥፏል፤ እኔ ሹካው ተሰብሮ እንደሆነ አያለሁ። ሹካው ደህና ነው። ጎማውን አሽከረከርኩ፣ ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ ዲስኩ በሸራው መሃል እየተንሸራተተ መዞሩን ቀጠለ።

ሁሉም ከበው ጠየቁኝ። ምንድነው? ምንድነው? ጮህኩ። የተኽላይ ዲስክ የውሸት ብረት ነው አልኩ። ሁሉም ሰማ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

የእጇ አንጓ ተሰብሯል። እስከ ክርኗ ጀሶ። ስድስት ሳምንት የስፌት መኪናዋ ላይ አትቀመጥም፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ይጠብቃት አይጠብቃት እንጃ። ውድድሩማ ቀረባት።

ልጆቹ ዲስኩን ከብስክሌቱ አስፈትተውኝ ከእጅ እጅ እያዞሩ ለከተማው ሁሉ አሳዩ። ተኽላይ ሱቅ የሚገባ ሰው የለም። የገዙትን የመለሱለትም አሉ።

ዛሬ እኔ ጋ መጣ። ይቆጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ መልሱን ሁሉ አሰናድቼ። አልተቆጣም። ዲስኩን ከልጆቹ ተቀብሎ አይቶታል፤ ብረቱ ደህና ይመስለኛል፣ ግን ከእኔ ሱቅ ከወጣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው አለ። ሌላ የነካው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ምን ይኖራል? ሸራው አዲስ፣ ገመዱ አዲስ፣ ገጣሚው እኔ።

ለካ ከእኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ብርቱካን ይዞ ፍ/ወይኒ ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። ሲወጣ የተሰናበተኝ እንደ ወትሮው ነው። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል

ደብተሬ፣ እኔ ነኝ።

ከጁምዓ ሶላት እንደተመለስኩ የሆነ ነው። እንዳ ኢየሱስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር አንድ ተማሪ ባለ ዲስክ ብስክሌቱን ትቶልኝ ነበር፣ ካቴናውን እንዳጠብቅለት። ጨረስኩ። ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ከዓይናለም ጉድጓዶች ስለሚመጣው የቧንቧ ውኃ እያሰብኩ፣ ዛሬ ይመጣል አይመጣም እያልኩ። ዝቅ ብዬ አየሁ።

እጄ ዲስኩን እየወለወለ ነው። በጨርቄ። በዘይት።

ማንም አላዘዘውም። ሃያ ስድስት ዓመት የጎማውን መሃል የወለወለ እጅ ነው። ቸርኬ እንዳይነካ ያውቃል፣ ፍሬን የሚነክሰው ቸርኬን ነውና። አሁን ግን ፍሬኑ ወደ መሃል ገብቷል። ለአእምሮዬ ነገርኩት እንጂ ለእጄ አልነገርኩትም።

ቁጭ አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነክሶ እሑድ ጠዋት የሰነፈ ፍሬን! እንዴት አላሰብኩም? በመሃል ምን ሆነ ብዬ እንዴት ራሴን አልጠየቅሁም? ዲስኩንም ሺህ ጊዜ ዳስሼዋለሁ። የእኔ ጣት ራሱ ዘይት ነው፣ ዘይትን በምን ይለያል?

ወላሂ አላመንኩም፣ ሞከርኩት። የፍ/ወይኒን የኋላ ዲስክ ፈታሁ፣ እሱንም ወልውዬው ነበር። ከመድኃኒት ቤት አልኮል ገዝቼ አጠብኩት፤ ጨርቁ ጠቁሮ ወጣ። ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ራሴ ተቀምጬ ነዳሁት። ጨበጥኩ።

ነከሰ። ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። መንገድ መሃል ቆሜ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ለባለቤቴ ለዘሃራ ነገርኳት። መጀመሪያ ለልጅቷ፣ ቀጥሎ ለተኽላይ ንገር፣ በስልክ እንዳታደርገው አለችኝ።

ከፍ/ወይኒ ቤት አሁን መመለሴ ነው። እናቷ ወንበር ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም። ሁሉንም አልኳት፤ ጨርቁን፣ ዘይቱን፣ ብስክሌቱን ቀድሜ ማንሳቴን ሳይቀር። ጀሶዋን እያየች ሰማችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ፈልጌውም ነበር።

«ኣያ ሐሰን» አለች፣ «እጄ ነግሮኝ ነበር። ከእጄ ይልቅ እርስዎን አመንኩ።»

ይኸው ነው። ይህን ቃል ይዤ የት እንደምገባ አላውቅም። ቀጥላ ኣያ ተኽላይ ያውቃል ወይ አለች። ገና ነው አልኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዛሬ የቅዳሜ ሥራ አልሠራሁም። ብስክሌቶቹ በአቧራቸው ቆመዋል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹ ኮረብታው ሥር ይሰበሰባሉ። ተኽላይም እንዲመጣ ትናንት ለመንኩት። ለምን አላለኝም፤ እመጣለሁ ብቻ አለ። ያልኩትን ያልኩት ሁሉም ፊት ነው፣ የምመልሰውም ሁሉም ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ብስክሌት የሚያመጣልኝ ይኑር አይኑር አላህ ያውቃል። ፍ/ወይኒን ወደ ሥራዋ እስክትመለስ ማገዝ የእኔ ነው፤ ዘሃራም ተስማምታለች።

ሸሚዝ ተኩሳ አስቀምጣልኛለች። ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ላሳያቸው። እንዴት እንደምጀምር አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥሩም ጊዜ ሰበብ ይመስላል።

በር ተንኳኳ። ቆይ።

ተኽላይ ነው። በመስኮት አየሁት። መንገዴ በዚህ ነው፣ አብረን እንሂድ እያለ ዘሃራን ያነጋግራል። ደሓንዶ ሓዲርክን፣ ደህና አደሩ ወይ፣ ይላታል፣ እንደ ወትሮው። በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ክብ ነገር ይዟል። ዲስክ ነው። ትናንት ከአዲስ አበባ መጣልኝ፣ ለፍ/ወይኒ፣ ሐሰን ይግጠምላት ሲል ሰማሁት።

ኮረብታውን አልጠብቅም። እዚያ እደግመዋለሁ። አሁን ግን እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ ያን ነገር ከእጁ ከመቀበሌ በፊት እነግረዋለሁ።