አባትህ የበሳው በርሜል

ልጄ ፊልሞን፣ የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ለቅሶ ደራሹም ቀንሷል።

አባትህ ሊሞት ሰሞን፣ በላክህለት ቪዲዮ እንዳየው ዓሣ በጭስ ላብስል ብሎ የውሃ በርሜላችንን ከታች በሳሳው። አየር ማስገቢያ ነው አለኝ። ከሰሉንም ፍርግርጉንም ገዝቶ ሳይለኩሰው ቀረ።

ትናንት ውሃ ሲመጣ ረስቼ ጎማውን ከተትኩበት። በቀዳዳዎቹ ሲፈስ ቆሜ አየሁት እንጂ ቧንቧውን አልዘጋሁም። ጎረቤታችን ጫልቱ መጥታ ዘጋችው። በያጅ ይድፈነው ትላለች፤ እኔ አልፈለግሁም። ቅዳሜ ከአሞራ ገደል ዓሣ አመጣለሁ።

ብርድ ነው ይላሉ፣ ደርበህ ልበስ። ጌታ መውጣት መግባትህን ይጠብቅ። ስትደውል ዓሣው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ንገረኝ። አባትህ እሁድ እጠይቀዋለሁ ብሎ ነበር።

እናትህ