ቀይ ቀለም የተቀባው ቻርጀር

ጥቅምት 8

ዝናቡ ገና አላበቃም። ለመቱ ከተማ ጥቅምትም ክረምት ነው... ከእድሩ ላፕቶፕ ጋር ተፋጠን ዋልን። ቻርጀሩን ሰካሁ። ስክሪኑ ላይ፦ ይህን ቻርጀር አላውቀውም። እንዴት? ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው እኮ! ሹመት ያገኘ ሰው የድሮ ጓደኛውን መንገድ ላይ ሲያይ እንደሚሆነው ሆነ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ሶኬት ቀየርኩ። አላውቀውም። ባትሪው አለቀ። ጠፋ።

ጥቅምት 9

ሳቁ እዚህ ላይ ያብቃ። የጋሼ ነመራ የሕይወት ታሪክ እዚያ ውስጥ ነው።

የእድራችን መሥራች ናቸው። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል። እኔ ጸሐፊው፣ ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን እጽፋለሁ። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙ። "ከሞትኩ በኋላ የምታነበው ለኔ ምን ይረባኛል? በቁሜ አንብብልኝ።" ልጃቸው ሴና፦ "አባዬ፣ ሟርት ነው!" ቃል ገባሁ። ከሁሩሙ እስከ ቡሬ ሰው እየጠየቅሁ ለቀምኩ፣ ጻፍኩ። አሁን ላፕቶፑ አይነሳም። ይደርስላቸው ይሆን?

ጥቅምት 11

ሚፍታህ ኮምፒውተር ቤት። ያሉትን ቻርጀሮች ሁሉ ሞከረ፤ ጫፋቸው አይገባም።

"ከአዲስ አበባ ላስመጣልህ። ሳምንት ታገስ።"

"እኔስ እታገሳለሁ። የሚሞቱትን ማን ያስታግሳል?"

ቻርጀሮቹን መልሶ ሰበሰበ።

እትዬ ዘውደነሽ በዚያ ሲያልፉ ገቡ። የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ። ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ጭልፋው ለቅሶ ቤት እንዳይለወጥ በቀይ ቀለም ምልክት የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ቻርጀሩን አንስተው አገላበጡት።

"ምልክቴ አለ። አልተለወጠም።"

"የቱ ጋ ነው እትዬ?"

"ጫፉ ላይ ነዋ! ሌላ ቦታ ብቀባውማ ይፍቁታል። ሰሞኑን ነክሬ ነው ያወጣሁት።"

ሚፍታህ ጫፉን አጮልቆ አየ። መሐሉ ላይ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለየው በሷ ነው አለ። ቀይ ቀለም ለብሳለች። የኛ መሆኑ እንዲታወቅ ብለን እንዳይታወቅ አደረግነው።

በመርፌና በቤንዚን ፋቅን። ተሰካ። መብራቷ በራች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ... እትዬ ዘውደነሽ ግን አዝነዋል።

"ታዲያ አሁን የኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?"

ጥቅምት 12

አነበብኩላቸው። "ደግ፣ ትዕግሥተኛ፣ ከሰው ጋር ተጣልተው የማያውቁ..."

ዓይናቸውን ገለጡ። "ማነው ይሄ?"

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

"ሶባ! ውሸት! ይሄን ሰውዬ አላውቀውም።" ሳል ያዛቸው። "ከሁንዴሳ ጋር በአጥር ተጣልተን ስንት ዘመን ተኮራርፈን! ቀብሬ ላይ ቆሞ ይሄን ሲሰማ ምን ይላል? ሌላ ሰው ቀበሩ ይላል።"

ሴና ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ መፋቅ ጀመርኩ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እሰርዛለሁ።

"ቁጡ ነበር በል። ቂም ግን አይዝም ነበር... አይ፣ ይዝ ነበር። ተወው።"

ሲደክማቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አሁን መምሰል ጀመረ" አሉ።

ጥቅምት 15

አረፉ።

ጥቅምት 16

ቀበርን። የተፋቀውን አነበብኩ። "ቁጡ ነበሩ" ስል ሕዝቡ ተንሾካሾከ። ከዘመዶቻቸው አንዱ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ምን ላድርግ? ቀጠልኩ። "ከጎረቤታቸው ከአቶ ሁንዴሳ ጋር በአጥር ተጣልተው፣ ሳይታረቁ..."

ከወረቀቱ ቀና አልኩ።

ጋሼ ሁንዴሳ ከሁሉም ኋላ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እሱ ነው" አሉ። "ነመራ ነው።"

ሰዉን እየገፉ ወደ ፊት መጡ። አካፋውን አፈር ሊያለብስ ከቆመው ጎረምሳ እጅ ተቀበሉ።