የአለያማ አዎንታ

ማክሰኞ፣ ቢቸና

«አላስነሳም» ብለው ላኩ። አባባን ማለቴ ነው። ቃላቸውን ያደረሰልኝ ከሞጣ የመጣ ነጋዴ ነው፤ እንደ ሸክም አራግፎልኝ ሄደ፦ «ክርስቲያን ካልሆነች ሴት የተወለደች ልጅ በእኔ ፈቃድ ክርስትና አትነሳም።»

ልጄ እሁድ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። የዚህ አገር ቄስ ደግሞ ሁሉም የአባባ የቅኔ ተማሪ ነው። የቢቸናውን ደብር አለቃ ዛሬ ብለምናቸው «መርጌታ እምቢ ካሉማ እኔ ማን ነኝ?» አሉኝ።

ሰባት ዓመት ህንድ ኖሬ ሚስት ይዤ ተመለስሁ፤ እዚህ ሒሳብ ላስተምር ተመደብሁ። ስሄድ ሣር ክዳን የነበረው ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ተማሪው አስተማሪውን ይከራከራል፤ ይኼ ደስ ይለኛል። አባባ ግን ያው ናቸው። ሚስቴ አለያማ ክርስቲያን ናት፣ እስከ ቅድመ አያቶቿ ድረስ ክርስቲያን ናቸው፣ ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። ህንድ ሁሉ ላም ያመልካል ያላቸውን ሰው ባገኘው!

ረቡዕ

ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ለአራሷ ገንፎ ይዘው መጡ፤ መሀሉ በቅቤ ተሞልቷል። አለያማ ቅቤውን አየችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሮብ፣ ሮብ» አለች። እማማ ክው አሉ።

«አራስ መቼ ይጾማልና! ደግሞ ህንድም ሮብ አለው እንዴ?»

ገንፎው ሳይበላ ቀረ። እኔም አፈርሁና ጾምሁ።

ወሰንሁ። ሁለቱንም ይዤ ሞጣ እሄዳለሁ። እምቢም የሚሉ ከሆነ ፊቷን አይተው ይበሉ። የሚያዝ፦ የልጅቱ ነጭ ልብስ፣ ማተብ፣ ጥላ፣ ትዕግሥት። የመጨረሻውን ከየት እንደማመጣው እንጃ።

ሐሙስ፣ ሞጣ

አውቶቡሱ ውስጥ ሱሪዬንና ደብተሬን አይተው ገበሬዎቹ ጸጥ አሉ። ለግብር መሬት የሚለኩ ሰዎች ሊመጡ ነው ተብሎ ይወራል፤ ከእነሱ ቆጠሩኝ። ኋላ ልጄ አለቀሰች፤ ያኔ ሳቁና ለአለያማ ቦታ ለቀቁላት።

አባባ አስገቡን። የመጣ ሰው አይመልሱም። ልጅቱን ግን አልነኩም። ቁጭ እንዳልን እኔን አስተርጓሚ አድርገው «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ታምናለች?» አሉ። አስተረጎምሁላት። አዎ አለች። «አንተስ ሃይማኖትህ አለ?» አሉኝ። ንድድ አልሁ፤ አለ እንጂ አልኋቸው።

ተነሥተው ወጡ። እራትም ከእኛ ጋር አልቀረቡም። ምን አጠፋን?

አርብ

የገለጠችልኝ እህቴ ዘነቡ ናት። ጓሮ ወስዳ ያዘችኝ።

«ወንድምዓለም፣ አላምንም የምትል ሴት አባባ ፊት ታቆማለህ?»

«መቼ አላምንም አለች?»

«ግራና ቀኝ ራሷን ነቀነቀችሳ! አንተም ነቀነቅህ!»

«እኔማ አለ እንጂ አልሁ።»

«አፍህን መች ከፈትህ?»

መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። በአለያማ አገር ራስን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ አዎ፣ እሺ ማለት ነው። እኔም ከመልመዴ ብዛት የሰማሁና የተናገርሁ መስሎኝ ነበር እንጂ ምንም የተባለ ነገር አልነበረም። ሳቅሁ። ቀጥሎ አለቀስሁ።

አባባ ተማሪዎቻቸው መሀል ነበሩ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ራስ የሚነቀነቀው ለእምቢታ ነው» አሉ።

«እርስዎ ያዩት ሰሙን ነው፤ ወርቁ ሌላ ነው» አልሁ።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አባባ ተቆጡ። «ለእኔ ነው ሰምና ወርቅ የምታስተምረኝ?» ቢሆንም አላባረሩኝም። «ነገ በአፏ ትናገር። አንተ እንዳታስተረጉም» ብለው አሰናበቱኝ።

አለያማ የምታውቀው አማርኛ ሃያ ቃል ቢሆን ነው፤ ግማሹ የምግብ ስም ነው። ፈርቻለሁ። ግን ሳልጨርስ ቢቸና አልመለስም።

ቅዳሜ

ነጠላዋን አጣፍታ ፊታቸው ቆመች። አማርኛውን አልሞከረችውም። ዓይኗን ጨፍና በአያቶቿ የቅዳሴ ቋንቋ፣ በሱርስት፣ ጸለየች፦ «ቃዲሻት አሎሆ፤ ቃዲሻት ሐይልቶኖ፤ ቃዲሻት ሎ ሞዩቶ።»

አባባ ቀና አሉ። «ድገሚው።» ገባትና ደገመች።

ቃሉን አንድ በአንድ ያዙት። «ቃዲሻት... ቅዱስ። ሐይልቶኖ... ኃያል። ሞዩቶ... ሞት።» ከዚያ በግእዝ መለሱላት፦ «ቅዱስ እግዚአብሔር፤ ቅዱስ ኃያል፤ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት።»

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት ነው። ስንት እሁድ ከጎኗ ቆሜ ስትለው ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን አላስተዋልሁትም። የመርጌታ ልጅ ነኝ ባይ!

አባባ ልጅቱን ከእጇ ተቀብለው አቀፏት። ስለ ነገው ለመጠየቅ ድፍረቱን አጣሁ፤ የልጅቱን ነጭ ልብስ ግን አውጥቼ ሰቀልሁት።

እሁድ

ክርስትና ተነሳች።

ጎሕ ሲቀድ ቀድመውን ቤተ ክርስቲያን ደርሰው አገኘናቸው። ቄሱ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ እኔ ያሰብሁት ነበረኝ፤ አባባ ቀደሙኝና «ወለተ ቶማስ» አሉ። ስንወጣ ለምን ቶማስን እንደመረጡ ጠየቅኋቸው።

«ቶማስ ካልዳሰስሁ አላምንም ያለው ሐዋርያ አይደል?» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «በኋላ አምኖ ህንድ ድረስ ሄደ።»

አባባ ሰውን ይቅርታ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ሰማሁ።

ከዚያ ወደ አለያማ ዞሩ። «እኔ በዚህ ጉልበቴ ህንድ አልደርስም፣ ልጄ» አሏት። «ቢቸና ግን እመጣለሁ።»

መቼ እንደሆነ አልነገሩንም። ነገ እንደገባሁ አልጋ አሠራለሁ።