ሻወሮቹ በተዘጉ በስምንተኛው ቀን

ገዳሪፍ፣ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ክሊኒካችን ውስጥ የተኙ ሁለት ሕሙማን እዚሁ እያሉ የሳንባ ምች ያዛቸው። ሌጂዮኔላ ጠርጥሬ ሻወሮቹን ከዘጋሁ ስምንት ቀን ሆነ። ይህ ባክቴሪያ የሚጎዳው ከውሃ ብናኝ ጋር ሲተነፍሱት ነው።

ዛሬ የሻወሮቹን ውሃ የሞከርሁበት ፈጣኑ መመርመሪያ «የለም» አለ። የክሊኒኩ ባለቤት ሐጂ ሰይድ መመርመሪያውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ኻላስ፣ አበቃ፣ ኢንጂነር! ፈርምና ሻወሮቹን ክፈት።»

«ሐጂ፣ ይህ የሚያውቀው የሌጂዮኔላን አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያየው ምርመራ ውጤቱ ገና አልመጣም።»

«ባለፈው ሳምንት ክሎሪን ጨምረን ‹አለ› ሲል፣ የሞተውንም ያሳያል አልህ። ዛሬ ‹የለም› ሲል ደግሞ አትመኑት ትላለህ። ታዲያ ወላሂ፣ ለምን አስገዛኸኝ?»

እውነታቸውን ነበር። የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። አልፈረምሁም።

ከዚያ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ገባሁ። ከስደተኞች ካምፕ የመጡት እማማ ለተ መስኮቱ ሥር ተኝተዋል። ከራስጌያቸው ሙከይፉ፣ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ፣ በእርጥብ ገለባ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል።

«ወደይ፣ ልጄ፣ መታጠቢያውን ዘጋህብን። ይችን እንኳ አትንካብን፤ ያለነው በሷ ነው» አሉኝ፣ ፊታቸው ላይ ያረፈውን ጠብታ እየጠረጉ።

ሙከይፉ የሚሞላው ሻወሮቹም ውሃ ከሚያገኙበት ከዚያው ከጣሪያው ታንከር ነው። እኔ ናሙና የወሰድሁት ከሻወሮቹ ብቻ ነው። የሳንባ ምች የያዛቸው ሁለቱም ሕሙማን ሲታመሙ አልጋቸው በዚህ መስኮት በኩል ነበር።

ሶኬቱን ነቀልሁት። እማማ ለተ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መመርመሪያው ሁሉን አያይም እያልሁ ስምንት ቀን ሙሉ ስጮህ የከረምሁት እኔ ነኝ።