የእንጦጦው ቤተ መንግሥትና የሊቀመንበራችን ቪላ

ውድ ተሾመ፣

የእንጦጦ ብርድ የኛን ደብረ ብርሃን ያስመሰግናል፤ ጋቢዬን ትቼ መምጣቴ ቆጭቶኛል። ትናንት ለስብሰባ የመጣነውን የቀበሌ ተወካዮች ሁሉ ጭነው የአፄ ምኒልክን የድሮ ቤተ መንግሥት አስጎበኙን። አስጎብኚው ካድሬ በር ላይ አቁሞን የነገሥታቱን ቅንጦት ሲያወግዝ ቆየ፤ እኛም ግራ እጃችንን እያነሳን አብረን አወገዝን። ከዚያ ገባን። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን ሆኖ ቁጭ!

ካድሬው «በሉ አስተያየት ስጡ!» አለ። ሁሉም የሣር ክዳኑን ሽቅብ ማየት ያዘ። በመጨረሻ የሴቶች ማኅበራችን ተወካይ እትዬ የማርያምወርቅ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ፣ ንጉሡ ያድሩ የነበረው እዚህ ነው?»

«አዎ! በዝባዡ የተንደላቀቀው እዚሁ ነው!»

«ውይ፣ ምስኪን! የኛ የቀበሌ ሊቀመንበር እኮ ያ ሁሉ ክፍል ባለው የተወረሰ ቪላ ነው የሚኖረው። አብዮቱ የስንቱን ኑሮ አሻሻለ!»

እትዬ ከልባቸው ነው ያመሰገኑት። ሊቀመንበራችን ለተጊዮርጊስ ግን አጠገቤ ቆሞ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ካድሬው ያውግዝ ያመስግን ግራ ቢገባው መፈክር አሰማ፤ እኛም ቤቱ እስኪናጋ አጨበጨብን።

ለእናትህና ለታደለች ሰላም በልልኝ፤ የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ካርዱ በፖስታ አልታሸገምና ካንተ በፊት ያነበበው ጓድ ካለ ለሱም ጤና ይስጥልኝ። የሊቀመንበራችን ቪላ ከቤተ መንግሥት መብለጡን ግን በጭብጨባና በሙሉ ድምፅ እንዳጸደቅን በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ወንድምህ ገመዳ